ጋራዥ የገባ ቋንቋ

ከአዳማ ተነሥቶ፣ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ሁሩታ የሚወጣ መንገደኛ በአንድ ጉዞ ሁለት አገር ያያል። ታች ቆላው ነው፤ ግራር፣ አቧራ፣ የሚጋረፍ ነፋስ። ዴራን አልፎ ኢተያን ሲይዝ ግን ደጋው ይቀበለዋል፤ የስንዴ ማሳ፣ ቀዝቃዛ አየር፣ ከሩቅ የጭላሎ ተራራ። አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ይህን ሁሉ አያይም። ዐይኑ ከሙቀት መለኪያው ላይ አይነቀልም።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በዚሁ ዳገት የእኔዋ «ዲኤክስ» ኮሮላ ፈላች። ከኢተያ ሁሩታ በጭነት መኪና ተጎትቼ ገባሁ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ መካኒክ ኮፈኑን ከፍተው፣ ዘይቱን በጣታቸው ዳስሰው፣ ብዙም ሳይቆዩ፣ «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው፤ ሞተሩ ግን አልነከሰም፣ እግዜር ይመስገን» አሉ። እኔም ማመንታት ያዝሁ። እዚሁ ላስፈታው ወይስ አስጎትቼ ዋና ከተማ ካለው የኩባንያ ሰርቪስ ላድርስ? ከዓመት በፊት በአንዱ የኩባንያ ሰርቪስ፣ ተራ ለሚመስል ብልሽት ሙሉ ዕቃው ከውጭ ታዝዞ እስኪመጣ ሁለት ወር ጠብቄአለሁ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር የራሴም እጅ ከዚያ የተሻለ አልነበረም፤ ዘይት ልቀይር ብዬ የካርተሩን ቡሎን ጥርሱን አጥፍቼው ዐውቃለሁ።

«ጋሼ፣ ሙያውን ከየት ተማሩት?» አልኋቸው፤ ጊዜ ለመግዛት።

«ረዳት ሆኜ ነዋ፣ ልጄ። ኤንትሬ ላይ።»

መልሱ ከመኪናዬ አስወጥቶ ወደ ታሪክ ወሰደኝ። ሰውየው ጣልያንኛ አያውቁም። ቋንቋው ግን በአፋቸው ሞልቷል። ካንዴላ ማለት በጣልያንኛ ሻማ ነው። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ናት። ማርሚታ ድስት፣ ቺንጋ ጠፍር፣ ባሌስትራ ደግሞ የጥንት ወታደር ቀስት የሚወረውርበት መሣሪያ። ቴስታታም ከራስ የመጣ ቃል ነው። አንባቢ ሆይ፣ ከመኪና ሥር በጀርባው የተኛ ሰው «ያችን ትራስ አቀብለኝ፣ ድስቱ ተበስቷል» እያለ መሆኑን አስበው!

መኪና ወደዚህ አገር ሲገባ ጋራዥ አልቀደመውም። በ1900 ዓ.ም. ግድም እንግሊዛዊው ቤንትሌይና ጀርመናዊው ሆልትዝ፣ በየፊናቸው፣ የመኪና መንገድ ባልነበረበት በረሃና ገደል አቋርጠው ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል አደረሱ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ ማሽን «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ነበር። ያን ጊዜ «ኩባንያው ዘንድ ልውሰደው ወይስ ራሴ ልጠግነው?» የሚል ጥያቄ አልነበረም፤ ኩባንያው ከባሕር ማዶ ነው። ከመኪናው ጋር የመጣው ፈረንጅ እስካለ ይሠራል፤ እርሱ ሲሄድ ቆሞ ይቀራል።

ሙያው በብዛት የገባው ከወራሪ ጋር ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ፋሺስት ጣልያን ሠራዊቱን የሚቀልበው በፊያትና በላንቺያ ካሚዮኖች ነበር። ወራሪው ሲባረር ብዙ ጣልያናውያን መካኒኮች ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። ከእነርሱ ሥር የገባው ያገራችን ልጅ መጽሐፍ አልተሰጠውም። ቁልፍ አቀባይ ሆነ፤ በስሙ ሲጠሩት ቃሉን ያዘ፣ ቃሉን ሲይዝ ዕቃውን ዐወቀ። ኋላም ፊያት 682 ኤን 3 አገሩን ሲሞላው፣ «ኤንትሬ» ተብሎ፣ የረዳቶች ትምህርት ቤት ሆነ። ረዳት ጎማ ይፈታል፣ ታኮ ያደርጋል፣ ሌሊት ከጭነቱ ላይ ያድራል፤ ዓመታት ሲያልፉም ሹፌር ወይም መካኒክ ይወጣዋል።

የጋራዥን ቋንቋ ቀስ ብሎ ለሚመረምር ሰው ሦስት ድርብርብ ዘመን ይታየዋል። «ሾፌር» እና «ጋራዥ» ከፈረንሳይኛ ናቸው፤ የባለመኪናው፣ የጌታው ቃላት። የሞተሩ ሆድ ዕቃ ጣልያንኛ ነው፤ የእጅ ቃላት። «ሰርቪስ» እና «ስፔርፓርት» ደግሞ ከእንግሊዝኛ የመጡ የቢሮ ቃላት ናቸው፤ እንደ ሞኤንኮ ያሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረቱ ኩባንያዎች ዘመን። አማርኛችን የት ቀረ? ግሡን ያዘ። ሞተር ይነክሳል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ራዲያተር ይፈላል፣ ባትሪ ይደክማል። ስሙ የባዕድ፣ ሕመሙ የእኛ።

በአርሲ ምድር ማሽን ያለ ነውር አልገባም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ የታሰበው ለአነስተኛው ገበሬ ነበር። ምርጥ ዘሩና ማዳበሪያው ትርፍ ሲያሳይ ግን ባለመሬቱ ትራክተር ገዛ፤ ትራክተሩ ሲገባ ጭሰኛው ወጣ። በደርግ ጊዜ ደግሞ ናዝሬት ላይ በሶቪየት ርዳታ የትራክተር መገጣጠሚያ ተተከለ፤ ቤላሩስ ተመረተበት። ቤላሩስ ምቾት የለውም፤ ነገር ግን ማሳ ውስጥ በጥቂት ቁልፍ ይፈታል። ይህ ለሁሩታና ለኢተያ ገበሬ ከምቾት ይበልጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስንዴው ደርሶ፣ ሰማዩ ያለወቅቱ ጠቁሮ፣ በኪራይ የመጣው ኮምባይነር በአንዲት ኩሽኔታ ምክንያት መሐል ማሳ ሲቆም፣ የኩባንያው ባለሙያ «ነገ ወይም ከነገ ወዲያ» ቢል የዓመት እህል ነው የሚበሰብሰው። በዚያች ሰዓት ዋስትናውን የሚያነብ የለም፤ አዳማ ቶርኖ ቤት ሰው ይላካል።

ሐረር ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ፔጆ 404 ፈረንሳይ ውስጥ መመረቱ ካበቃ ከአሥርት ዓመታት በኋላ እንኳ የሐረር ታክሲ ሆኖ ይሠራ ነበር። ካታሎግ የረሳውን መኪና በሕይወት ያቆዩት ቶርኖና መለዋወጫ ለቃሚዎች ናቸው።

ቢሆንም ሁሉ በእጅ ይሠራል አልልም። ፍሬንና መሪ በግምት አይነኩም፤ ያለ ኮምፒውተር የማይታይ ብልሽትንም በጆሮ አገኘዋለሁ የሚል መካኒክ አይታመንም። ዋስትናው ያላለቀ መኪናን ከኩባንያው ሰርቪስ ማራቅም ሞኝነት ነው። የኔዋ ግን ኮምፒውተር የላት፣ ዋስትና የላት። «ይፍቱት» አልኋቸው። ቴስታታው ወርዶ፣ ፊቱ አዳማ ተስተካክሎ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣች።

በ2016 ዓ.ም. ጥር መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ቀድሞም በ2012 ዓ.ም. የአሰላው ልጅ የሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተር ኤሌክትሪክ ሃዩንዳይ ገጣጥሞ አሳይቶ ነበር። ከክልከላው በኋላ በሁሩታ ሳልፍ፣ ሰላም ልበላቸው ብዬ ከሽማግሌው ጋራዥ ጎራ አልሁ። አንድ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ሥር ተኝተው ነበር። ሳይወጡ ጠየቁኝ።

«የኤሌክትሪኩ መኪና ካንዴላ የለውም አሉ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ጋሼ።»

«ቴስታታስ?»

«የለውም።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ እጃቸው ብቻ ከመኪናው ሥር ወጣ።

«ኩሽኔታስ?»

«ኩሽኔታ አለው» አልኋቸው፤ ጎማው የሚዞረው በእርሱ ነውና።

«በል እንግዲያው፣ ያችን አሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ።»