ፋሊጅ፦ «አለቀለት» የተባለው አንጎል ታሪክ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



የጧትና የማታ ዚክር የሚያዘወትር ሁሉ ሦስት ጊዜ የሚደጋግማት፣ በአላህ ስም ከጉዳት የምንጠበቅባት አንዲት አጭር ዱዓ አለች። ይህችን ዱዓ ከአባታቸው ከዑሥማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ሰምተው ያስተላለፉልን ታቢዒዩ አባን ኢብኑ ዑሥማን ናቸው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲሥ መጨረሻ ላይ ግን ብዙዎቻችን ሳናስተውላት የምናልፋት ነገር አለች። አባንን በኋላ ፋሊጅ መታቸው። ሐዲሡን ከእሳቸው የሰማ ሰው ትኩር ብሎ ሲያያቸው ጊዜ የልቡን ጥያቄ አወቁበት። እሳቸው በአባታቸው ላይ፣ አባታቸውም በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ እንዳልዋሹ በአላህ ምለው ነገሩት፤ ያ የደረሰባቸው ቀን ግን ተቆጥተው ዱዓዋን ረስተዋት ነበር።

ፋሊጅ ማለት የግማሽ ሰውነት ሽባነት ነው። ዛሬ ዋነኛው መንስኤው ስትሮክ መሆኑ ታውቋል። ልብ በሉ፦ የኸሊፋ ልጅ፣ የመዲና አስተዳዳሪ የነበሩ ዓሊም ፋሊጅ ሲመታቸው ከሰው ዓይን አልተሸሸጉም፤ ለሚጠይቃቸውም መልስ ሰጡ። እኛ ዘንድስ? አባት በስትሮክ ሲወድቅ መጀመሪያ «ጂን መታው» ይባላል፤ ከዚያ «አለቀለት» ይባልና ጓዳ ይገባል። ዛሬ የምናወጋችሁ «አለቀለት» የምትለዋ ቃል ከየት እንደመጣችና እንዴት እንደፈረሰች ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሂጅሪያ ካልተባሉ በስተቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።)

▪️ ስሙና ፍርዱ

በሽታው በየቋንቋው ያገኘው ስም ሰዎች ምን ያህል ይፈሩት እንደነበር ይናገራል። ግሪኮች ተመትቶ መውደቅን በሚያመለክት ቃል «አፖፕሌክሲያ» አሉት። «ስትሮክ»ም ያው ምት ማለት ነው። ዐረቦች ሰውየው ድንገት ጸጥ ብሎ ሲወድቅ «ሰክታ» (ዝምታ) አሉት። ተርፎ ግማሽ አካሉ ሲሰንፍ ደግሞ «ፋሊጅ» አሉት፤ ቃሉ ለሁለት መክፈልን ከሚገልጽ ሥር የወጣ ነው።

ፍርዱም ከስሙ ጋር አብሮ ተወለደ። ከ2,400 ዓመታት ገደማ በፊት በሂፖክራተስ ስም የተጻፉት የሕክምና መጻሕፍት ከባዱ ምት ፈጽሞ እንደማይድን፣ ቀላሉም ቢሆን ለመዳን እንደሚያስቸግር ደነገጉ። እነዚህ መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ሲተረጎሙ ፍርዱም አብሮ ተሻገረ።

በ428 ሂጅሪያ የሞተው ኢብኑ ሲና «አል-ቃኑን ፊ-ጥ-ጢብ» በተሰኘው መጽሐፉ ሰክታንና ፋሊጅን ለየብቻ አስፍሮ፣ ሰክታ አንጎል ውስጥ ከሚፈጠር መዘጋት እንደሚመጣ አስረዳ። ማብራሪያው ዘመኑ በሚያውቃቸው አራት የሰውነት ፈሳሾች ላይ የቆመ ስለነበር ዛሬ አይሠራም። አንድ ምክሩ ግን እስከ ዛሬ ያስደንቃል፦ ሰክታ የመታው ሰው ሙት መስሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ነገሩ አጠራጣሪ ከሆነ ቀብሩ ቢያንስ 72 ሰዓት ይቆይ አለ። ጀናዛን ማፋጠን ሱና ነው፤ ሆኖም ፉቀሃዎችም በድንገት የሞተ ሰው ሞቱ እስኪረጋገጥ እንዲቆይ ይላሉ። ሐኪሙም ፈቂሁም አንድ ነገር ያስተምሩናል፦ ሰውን «አለቀለት» ለማለት አትቸኩሉ።

ከኢብኑ ሲና በኋላ ከ600 ዓመታት በላይ አልፎ፣ በ1658 የስዊዘርላንዱ ሐኪም ዮሐን ያኮብ ቬፕፈር በዚህ በሽታ የሞቱ ሰዎችን አንጎል ከፍቶ መመርመሩን ጻፈ። አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ አገኘ። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች መዘጋትም ለዚህ ሊያበቃ እንደሚችል አስረዳ። የዛሬ ሐኪሞች ስትሮክን በሁለት የሚከፍሉት በዚሁ መንገድ ነው፦ ወይ የደም ሥር ይዘጋል፣ ወይ ይፈነዳል።

▪️ ማይሊን፦ የነርቭ ልባስ

መንስኤው ታወቀ፤ የተጎዳው ነገር ግን ምንድን ነው? አንጎላችን የነርቭ ሕዋሳት ብቻ አይደለም። ሕዋሳቱ እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው ረጃጅም ክሮች አሉ፤ ብዙዎቹም በስብ በበለጸገ ነጭ ልባስ ተጠቅልለዋል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርሆ በ1854 ይህን ልባስ «ማይሊን» ብሎ ሰየመው።

የኤሌክትሪክ ሽቦን ፕላስቲክ አስቡ። ማይሊን መልእክቱ እንዳይባክን ከመከላከሉም በላይ ያፈጥነዋል። ልባስ በሌለው ቀጭን ክር መልእክት በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ወፍራም ልባስ ባለው ግን በሰከንድ ከ100 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ስትሮክ ሕዋሳትን ብቻ አይገድልም፤ መንገዶቹንም ያበላሻል። እጁን ማንሳት የተሳነው አባት ብዙ ጊዜ ጡንቻው ደህና ነው። ትእዛዙ ነው መንገድ ላይ የቀረው።

▪️ የማድሪዱ ሊቅ ብይን

የነርቭ ሕዋሳትን አሠራር ከሁሉ አጥርቶ ያሳየው ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ነው። በ1906 የኖቤል ሽልማትን ከጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ጋር ተካፈለ። በ1913 እና በ1914 ስለ ነርቭ መበስበስና ማገገም ባሳተመው ሥራው፣ በአዋቂ ሰው አንጎል ውስጥ ያሉ መንገዶች የጸኑ መሆናቸውን፣ የሞተው እንደማይተካ ጻፈ። በዚያው ቦታ ግን ይህን ጽኑ ብይን መለወጥ ከተቻለ የመጪው ዘመን ሳይንስ ድርሻ መሆኑንም አከለ።

ሊቁ በሩን ገርበብ አድርጎት ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች ግን ብይኑን ብቻ ይዘው በሩን ዘጉት። በአስርት ዓመታት ውስጥ ተማሪዎች የአዋቂ አንጎል አይጠገንም የሚለውን እንደ የማይነካ እውነት ተማሩት።

▪️ በሩ እንዴት ተከፈተ

ቁልፉን ካቀበሉት አንዱ የዚያው የማድሪድ ትምህርት ቤት ልጅ ነበር። ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ በ1921 «ኦሊጎዴንድሮግሊያ» የሚባሉትን ሕዋሳት ለይቶ ሰየማቸው። በአንጎል ውስጥ ማይሊንን የሚጠቀልሉት እነሱ ናቸው፤ አንዱ ሕዋስ ብቻውን እስከ 50 የሚደርሱ የክር ክፍሎችን ሊያለብስ ይችላል።

በ1961 አሜሪካ ውስጥ ሜሪ በንጅ፣ ሪቻርድ በንጅና ሃንስ ሪስ የአዋቂ ድመት ኅብለ ሰረሰር ላይ የጠፋ ማይሊን ተመልሶ ሲሠራ በማይክሮስኮፕ አሳዩ። በ1962 ጆሴፍ አልትማን በአዋቂ አይጥ አንጎል ውስጥ አዲስ የነርቭ ሕዋሳት እንደሚወለዱ የሚጠቁም ጥናት አወጣ፤ ለረጅም ጊዜ ግን ሰሚ አላገኘም። በ1998 ፒተር ኤሪክሰን፣ ፍሬድ ጌጅና ባልደረቦቻቸው በሰው አንጎል ውስጥም ከትውስታ ጋር በተያያዘው ክፍል ይህን እንዳገኙ ዘገቡ። ይህ የሰው ጉዳይ ከ2018 ወዲህ በተመራማሪዎች መካከል እንደገና አከራክሯል፤ ክርክሩም አልተቋጨም።

የማይሊን ጉዳይ ግን በየጊዜው እየጠነከረ መጣ። በአዋቂ አንጎል ውስጥ ተጠባባቂ ሕዋሳት አሉ፤ ጉዳት ሲደርስ ይባዛሉ፣ ወደ ማይሊን ሠሪነትም ሊያድጉ ይችላሉ። በ2014 የለንደን ተመራማሪዎች አይጦች ዘንጎቹ ወጣ ገባ የሆነ መንኮራኩር ላይ መሮጥ ሲማሩ ተከታተሏቸው። አዲስ ማይሊን እንዳይሠሩ የተደረጉት አይጦች ትምህርቱን በደንብ ሊይዙት አልቻሉም። ሎህ ይዘን አንዲት አንቀጽ መቶ ጊዜ የደገምን ደረሶች ድግግሞሽ ምን እንደሚያደርግ በልምድ እናውቃለን። ድግግሞሽ አንጎል ውስጥ አሻራ ይተዋል።

እዚህ ላይ ግን ማጋነን አንወድም። ስትሮክ የገደለው የአንጎል ክፍል እንዳለ አይመለስም። ከቁስሉ ዙሪያ የሚባዙት ተጠባባቂ ሕዋሳትም ብዙዎቹ ሳይበስሉ ይቀራሉ፤ እነሱን የሚያበስል ለስትሮክ የጸደቀ መድኃኒት እስካሁን የለም። የተረጋገጠው፣ የተረፈው አንጎል አዲስ መንገድ መቀየስ መቻሉ ነው።

▪️ ደቂቃውና ልምምዱ

ይህ ታሪክ ለቤታችን ሁለት ነገር ያስተምራል።

አንደኛው ደቂቃ ነው። በ2006 ጄፍሪ ሴቨር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ባወጣው ስሌት፣ ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ሕክምና ሳይደረግ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሕዋሳትና 12 ኪሎ ሜትር ማይሊን የለበሰ ክር ይጠፋል። በ1995 በ624 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በ3 ሰዓት ውስጥ የተሰጣቸው ሰዎች ከሦስት ወር በኋላ ያለ ጉልህ ጉዳት የመገኘት ዕድላቸው ቢያንስ በ30 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳየ። ኋላ ጊዜው ለተመረጡ ሕሙማን እስከ 4 ሰዓት ተኩል ተራዘመ። መድኃኒቱ በሀገራችን በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም፤ የደም ሥር ለፈነዳበት ሰውም አደገኛ ስለሆነ አስቀድሞ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ለመቸኮል ምክንያት እንጂ ለመቅረት ምክንያት አይደለም።

ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከሰነፈ፣ አንደበት ከተሳሰረ የጀመረበትን ሰዓት ያዙና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። በአፍ ምንም አትስጡ። ሩቃ የሚከለክላችሁ የለም፤ መኪና ውስጥም ይቀራል። ሩቃው እስኪያልቅ ብሎ ሕመምተኛውን ቤት ማቆየት ግን ሰበብን መተው ነው፤ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል።

ሁለተኛው ልምምድ ነው። በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 ሰዎችን አሳተፈ። በአንደኛው ቡድን ውስጥ የነበሩት ደህነኛው እጃቸው ጓንት ውስጥ ገብቶ፣ ለሁለት ሳምንት በሰነፈው እጃቸው እንዲሠሩ ተደረገ። የእነዚህ ሰዎች እጅ ከሌሎቹ በተሻለ ተንቀሳቀሰ፤ ለውጡም ከዓመት በኋላ አልጠፋም። ልብሱ የሰውየው ዘዴ ሁሉን አይመጥንም፤ የሰነፈው እጅ ትንሽም ቢሆን መንቀሳቀስ አለበት፣ ባለሙያም ያስፈልጋል። መሠረቱ ግን ለሁላችንም ነው፦ ያልተጠቀሙበት እጅ ይረሳል።

ስለዚህ አባታችሁን ከፍቅር ብዛት ሁሉን ነገር አታድርጉላቸው። ኩባያውን ራሳቸው ለማንሳት ይሞክሩ። ተስቢሑን በሰነፈው እጃቸው ይቁጠሩ። ቃል ከጠፋባቸው ፋቲሓን አብራችኋቸው ቀስ ብላችሁ ደጋግሙ። ጀማዓ ናፍቋቸው ከሆነ ደግፋችሁ ውሰዷቸው፤ እኛም መስጂድ ውስጥ ወንበር እናዘጋጅላቸው። የደም ግፊታቸውንም አስለኩ፤ ለስትሮክ ከሚዳርጉ ነገሮች ዋነኛው እሱ ነውና።

«አለቀለት» የሰው ብይን ነበር፤ ሰዎቹም ራሳቸው መልሰው ሻሩት። ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት መውረዱን ለምናምን ለእኛ ደግሞ ተስፋ መቁረጥ መጀመሪያውኑ አልተፈቀደልንም።

አላህ በየቤቱ ለተኙ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሽፋውን ይስጣቸው፤ ለአስታማሚዎቻቸው ሰብርና አጅር ይወፍቃቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።