«ዝግጁ» የሚለው ቃል፤ ስለ ግብዓትና ውጽአት ጥበቃ አጭር ታሪክ

በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ ለመቀበል የቆመ ሰው፣ አውሮፕላኑ ማረፉን ከሰሌዳው ቢያነብም እንግዳው ወዲያው ከበሩ ብቅ እንደማይል ያውቃል። ፓስፖርት ይመረመራል፣ ሻንጣ ይጠበቃል፤ አንዳንዴም እንግዳው ከነጭራሹ ሳይሳፈር ቀርቶ ይሆናል። ሰሌዳው አልዋሸም፤ የተናገረው ግን ተቀባዩ ሊሰማ ከሚወደው ያነሰ ነው። በኮምፒዩተር መመሪያዎች ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ የኖረው «ዝግጁ» የሚለው ቃልም ጠባዩ ይኸው ነው።

ከቦሌ መንገድ መነሻ ከመስቀል አደባባይ ጥቂት ከፍ ብሎ በሚገኘው በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ በ1980 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተቋቋመው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ክፍል በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፊዶኔት ዘዴ የኤሌክትሮኒክ መልእክት ያስተላልፍ ነበር። መልእክቱ በአንድ ኮምፒዩተር ይጠራቀማል፤ ሞደም ይደውላል፤ መስመሩ ሲገናኝ ያለው ይላካል፣ የመጣው ይወሰዳል። የመጣ ነገር መኖሩን ለማወቅ መደወል ግድ ነበር፤ መልሱ «የለም» ቢሆንም የስልኩ ሒሳብ ይቈጠራል። ሀገሪቱ የኢንተርኔት አገልግሎት ያገኘችው በ1997 መጀመሪያ ነው።

ብዙ መስመር የሚያስተናግድ አንድ ፕሮግራምም የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው። በአንዱ መስመር ላይ ቆሞ ቢጠብቅ ሌሎቹ ይጓደላሉ፤ እየዞረ ሁሉንም ቢጠይቅ የማሽኑ ጊዜ በከንቱ ያልቃል። መፍትሔውን በ1983 ያቀረበው በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው የዩኒክስ እትም ነው፤ ይኸውም ሰሌክት የተባለው ጥሪ ነው። ፕሮግራሙ የመስመሮቹን ዝርዝር ለሥርዓተ ክወናው ሰጥቶ ይተኛል፤ ከመካከላቸው አንዱ ዝግጁ ሲሆን ይቀሰቀሳል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በሲስተም ፋይቭ ዩኒክስ ፖል የተባለው ጥሪ ተከተለ። ስሙ ግን አሳሳች ነው፤ በፊዶኔት ሰዎች ዘንድ ፖል ማለት ደውሎ መጠየቅ ሲሆን፣ ይህ ጥሪ የመጣው ፕሮግራሙን ከመጠየቅ ሊያሳርፍ ነው።

የመጀመሪያው የሰሌክት መመሪያ መስመሮቹ ለማንበብ ወይም ለመጻፍ «ዝግጁ» መሆናቸውን ይመረምራል ሲል፣ ዝግጁነት ምን እንደሆነ አላብራራም። አንባቢውም መረጃ መጥቷል ማለት ነው ብሎ ተረዳው። ጥሪው የሚናገረው ግን ሌላ ነው፤ አሁን ብታነብ ንባቡ አያስቆምህም ማለቱ ነው። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ወገን ግንኙነቱን ከዘጋ መስመሩ ዝግጁ ይባላል፤ የሚነበብ ግን አንድም ፊደል የለም። በዲስክ ላይ ያለ ተራ ፋይል ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፤ ዲስኩ ቢዘገይም እንኳ። ኋላ የፖሲክስ ደረጃ ይህን በግልጽ አስቀመጠው፦ ዝግጁ የሚባለው ንባቡ የማያስጠብቅ ሲሆን ነው፤ መረጃው በተሳካ ሁኔታ ቢተላለፍም ባይተላለፍም።

በሊኑክስ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ከመረብ የመጣ መልእክት ደርሶ መስመሩ ዝግጁ ከተባለ በኋላ፣ ማረጋገጫ ድምሩ ስሕተት ሆኖ ሲገኝ መልእክቱ ይጣላል፤ በቃሉ የተማመነው ፕሮግራምም በንባቡ ላይ ተገትሮ ይቀራል። የሰሌክት መመሪያ ይህን ከስሕተቶቹ መካከል ጠቅሶ፣ መስመሩን የማያስጠብቅ ማድረግ እንደሚሻል ይመክራል። እንዲህ ያለች አንዲት አንቀጽ ከብዙ ሌሊት ድካም የምታድን ናት፤ ይሁን እንጂ ብዙው አንባቢ እስከ ገጹ መጨረሻ አይዘልቅም።

በ2002 ወደ ሊኑክስ የገባው ኢፖል ዝርዝሩን በየጊዜው ማቅረብን አስቀረ፤ መስመሩ አንዴ ይመዘገባል፣ የሚነገረውም ዝግጁ ስለሆኑት ብቻ ነው። ከሁለቱ የአሠራር መልኮቹ አንደኛው ለውጥ በተፈጠረ ጊዜ ብቻ ይቀሰቅሳል፤ ያለውን ሁሉ ሳያሟጥጥ የተመለሰ ፕሮግራም የቀረው መረጃ እጁ ሥር እያለ ሌላ ቅስቀሳ ሊጠብቅ ይችላል። የመመሪያው አዘጋጆች በዚህ ምክንያት ከተለመደው የአጻጻፍ ወግ ወጥተው በገጹ ውስጥ ጥያቄና መልስ ጨመሩ፤ ደግ አደረጉ።

ይህን ትምህርት በአማርኛ ለሚያስተምር መምህር «ዝግጁ» የሚለው ቃል ያንኑ የቦሌውን ተስፋ ይዞ ይመጣል። «ሳያስጠብቅ ይመልሳል» ቢባል ይረዝማል፣ ለጆሮም አይጥምም፤ ተማሪው ግን መልሱ ባዶ ሊሆን እንደሚችል ከመጀመሪያው ቀን ይሰማዋል።