ጌቶቹ ቦታ የተቀያየሩበት ዓመት

አባቴ ወታደር ነበር። ስለ ኦጋዴን ጦርነት ሲያወራ ሁሌ የምትደጋገም አንዲት ነገር አለችው፦ «በአሜሪካ መሣሪያ ሠለጠንኩ፣ በሩሲያ መሣሪያ ተዋጋሁ፤ የሚተኩስብኝም ሩሲያ ሠራሽ ነበር።» ልጅ ሆኜ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም። (ዘመኑ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

አሜሪካ በ1953 ከንጉሡ መንግሥት ጋር ተዋውላ አስመራ ላይ የቃኘውን የመገናኛና የስለላ ጣቢያ ለ25 ዓመት ያዘች። በለውጡ ጦራችንን አስታጠቀች፣ አሠለጠነች። ሶቭየት ኅብረት ደግሞ ሶማሊያን ይዛ በርበራ ላይ የባሕር ኃይሏን አሰፈረች፤ በ1974ም ከዚያድ ባሬ ጋር የወዳጅነት ውል ፈረመች።

1977 ላይ ሁሉም ተገለባበጠ። በየካቲት ካርተር በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት እርዳታ ቀነሰ። በሚያዝያ ደርግ ቃኘው እንዲዘጋ አዘዘ። ግን ልብ በሉ፣ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ለመውጣት አስቀድመው ወስነው ነበር፤ ሳተላይትና ዲዬጎ ጋርሺያ የቃኘውን ሥራ ተክተውታል። እኛ አባረርናቸው ብለን ጨፈርን፤ እነሱ ግን ከእኛ የሚፈልጉትን ጨርሰው ነበር።

በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ወረረን። ሞስኮ ሁለቱንም ለማስታረቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ እኛን መረጠች። በኅዳር ዚያድ ባሬ ሩሲያኖቹን አባረረ። ከዚያ በኋላ ታንኩ በአየርና በባሕር ጎረፈ፣ የኩባ ወታደሮች መጡ፤ በመጋቢት 1978 ጅጅጋ ነፃ ወጣች። የሶቭየት ባሕር ኃይልም ከበርበራ ወጥቶ ዳህላክ፣ ኖኩራ ደሴት ላይ ሰፈረ። በርበራንስ ማን ወሰደው? በ1980 አሜሪካ ከዚያ ከዚያድ ባሬ ጋር ተፈራርማ የመጠቀም መብት አገኘች!

መጨረሻውን ታውቁታላችሁ። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ ሁለቱም ወዳጆች ፊታቸውን አዞሩ። በ1991 ዚያድ ባሬም መንግሥቱም በወራት ልዩነት ወደቁ። ጌቶቹ ሄዱ፣ መሣሪያው ቀረ፤ ያለቀውም የእኛና የጎረቤቶቻችን ልጅ ነው።

ዛሬ ጅቡቲ ላይ አሜሪካም፣ ቻይናም፣ ፈረንሳይም፣ ጃፓንም ጎን ለጎን ሰፍረዋል። አንዱ መጣልን፣ ሌላው ከዳን ስንባባል አባቴ ትዝ ይለኛል። ኃያል አገር የሚመጣው ለባሕሩ ነው፤ ባሕሩን ከሌላ ቦታ መጠበቅ ከቻለ ይሄዳል።

በዚያ ጦርነት የነበራችሁ፣ ወይም አባቶቻችሁ የነገሯችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከታች ጻፉልን። ሳይጻፍ እንዳይቀር።