የቺንጋው ነገር

ስሙኝማ! የገና ሰሞን ነው፤ አገሩም ደጀን፣ የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለችው የጤፍ አገር። ከወፍጮ ቤቱ ደጅ ኬሻው ተደርድሯል፣ አህያው ከነጭነቱ ቆሟል፣ ሴቶቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ወረፋ ይጠብቃሉ። ወፍጮው ደግሞ ያን ቀን አመሉን አመጣ። ባዶውን ሲሽከረከር ምንም አይል፤ ጤፍ ሲገባበት ሲጥ ይልና ይለግማል። ቤቱን የተቃጠለ ጎማ ሽታ ሞላው።

ወፍጮውን የያዘው ጎረምሳ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ማጥበቅ። የሞተሩን መቀመጫ ዳዶ ያላላል፣ ሞተሩን በብረት ገፍቶ ቺንጋውን ይወጥራል፣ መልሶ ያስራል። አንድ ኬሻ ይፈጭና እንደገና ሲጥ! እንደገና ይወጥራል። ቺንጋው እንደ ክራር ጅማት ከረረ፤ ኩሽኔታው እጅ የማያስነካ ሆነ።

“ልጄ፣ በዓሉ እኮ ደረሰ” አሉት ተራቸው የደረሰ እናት።

ባለወፍጮው ይሄኔ አንድ የድሮ መካኒክ አስጠራ። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ጋሼ መጡ፣ ቁልፍ ግን አልጠየቁም። “አስነሣና ጤፍ ጨምርበት” አሉት ልጁን። ጆሯቸውን ጣል አድርገው ቆዩ።

“የሞተሩ ድምፅ ወረደ?”

“ኧረ አልወረደም ጋሼ።”

“ድንጋዩስ?”

“ድንጋዩማ ዘገየ።”

“እንግዲያው ሞተርህ ደኅና ነው። ሞተሩ ቢደክም ኖሮ አብሮ ያቃስት ነበር። ጉልበቱ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው።”

ይቺን ጥያቄ ልብ በሉልኝ፤ ከወፍጮ ቤትም ውጭ ትሠራለች። አሸዋና ጭቃ ላይ የሚነዱት ባለ አራት እግር ሞተር ብስክሌቶች ብዙዎቹ ጉልበታቸውን ለጎማ የሚያደርሱት በቺንጋ ነው። ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ካልጎተተ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

ወደ ወፍጮ ቤቱ ልመለስ፤ ሞተሩ ጠፋ፣ ሁሉም ነገር ቀጥ እስኪል ጠበቁ። ቺንጋዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ አሮጌ፣ አንዱ በቅርብ የተቀየረ። ጋሼ አንዱን አሮጌ አውጥተው ገለበጡት። ጎንና ጎኑ አብለጭልጯል፣ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል፤ ከፑሊው ሥር ጥቁር የጎማ ብናኝ ተከምሯል። ከዚያ የትንሹን ፑሊ ጎድጓድ በጨርቅ ጠርገው ልጁን ጠሩት።

“ምን ታያለህ?”

“ወለሉ ያበራል።”

“ማብራት አልነበረበትም! ይህ ቺንጋ የሚይዘው በሆዱ ሳይሆን በጎኑ ነው። ከጎድጓዱ ግድግዳ መሃል ገብቶ ይቀረቀርና ግድግዳውን ነክሶ ይጎትታል፤ ወለሉን መንካት የለበትም። ግድግዳው ተበልቶ ወለሉ ላይ ከተኛ ብትወጥረው ምን ይይዛል? ኩሽኔታውን ነው የምትገድለው።”

ድሮ ቺንጋ ጠፍጣፋ ቆዳ ነበር፤ በሆዱ የሚይዝ በመሆኑ ሰፊ ፑሊ ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 ጆን ጌትስ የተባለ ሰው አሜሪካ ዴንቨር ውስጥ ጎነ ሰያፉን የጎማ ቺንጋ ሠራ። ሰያፉ ካለቀ የዚያ ሁሉ ብልሃት ትርፉ የለም። ቺንጋው ሲጮህ ሳሙና ወይም ዘይት የሚቀቡትን ሳይ ያሳዝኑኛል፤ ጩኸቱን ለጊዜው ያፍኑት ይሆናል እንጂ ጎማውን ያበላሹታል።

በማግስቱ አዲስ ፑሊና ሦስት አንድ ዓይነት ቺንጋ ከደብረ ማርቆስ መጣ። አንዱን ብቻ መቀየር ጥፋት ነው፤ አሮጌዎቹ ስለሚረዝሙ ሸክሙ ሁሉ በአዲሱ ላይ ይወድቃል። ጋሼ ሲባጎ አስወጥረው የሁለቱን ፑሊዎች ፊት አስተያዩ፤ ሲባጎው ሁለቱንም ከጫፍ እስከ ጫፍ እስኪነካ ድረስ ሞተሩን በጥቂት በጥቂቱ አስገፉት። ቀጥሎ ውጥረቱ። በሁለቱ ፑሊዎች መካከል ለሚኖር ለእያንዳንዱ ሜትር መሃሉን ሲጫኑት 16 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲረግብ አደረጉ። “አዲስ ቺንጋ ይላላል፤ አንድ ቀን ከሠራ በኋላ እንደገና ለካው” አሉት።

ልጁ ሊያስነሣ ሲል እጁን ያዙት። “ክዳኑስ?”

ክዳን የለውም። እነዚያ ሁሉ ሴቶች ነጠላቸውን ጥለው ከሚሽከረከረው ቺንጋ አንድ እርምጃ ርቀው ነበር የሚቆሙት፤ ቺንጋ የጨርቅ ጫፍ ከያዘ ሰውየውን ይዞ ነው የሚገባው። ባለወፍጮው “ከበዓል በኋላ አሠራለሁ ጋሼ” ቢል፣ ጋሼ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው በርጩማ ሳቡና ተቀመጡ። በያጁ ተጠራ። የቆርቆሮው ክዳን ተበይዶ በአራት ብሎን ከታሰረ በኋላ ነው ወፍጮው የተነሣው።