አባ ጎርጎርዮስ

አባ ጎርጎርዮስ (1595 ገደማ – 1658 እ.ኤ.አ.) በዛሬው ደቡብ ወሎ የተወለዱ ኢትዮጵያዊ የካቶሊክ ካህን ነበሩ። በሮማና በጀርመን አገር ለኢዮብ ሉዶልፍ ግዕዝንና አማርኛን በማስተማራቸው ይታወቃሉ። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተማቸው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከእርሳቸው በተማረው ላይ የተመሠረቱ ናቸው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድ

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት ከታላቅ ቤተሰብ ሲሆን የትውልድ ቦታቸው መካነ ሥላሴ ነው። ቦታው በጥንቱ የአማራ ግዛት (ቤተ አማራ) ውስጥ ይገኝ ነበር። ይህ ግዛት በሰሜን በበሽሎ ወንዝ፣ በምዕራብ በዓባይ የሚዋሰን ሲሆን በአብዛኛው ዛሬ መቀመጫው ደሴ ከሆነው ከደቡብ ወሎ ዞን ጋር ይገጥማል። ደሴ ግን በዚያ ዘመን ገና አልተቆረቆረችም።

መካነ ሥላሴ ስሙን ያገኘው ዐፄ ናዖድ አስጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ካስፈጸሙት ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በ1531 በኢማም አሕመድ ኢብራሂም (ግራኝ) ጦር ተቃጥሏል። አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት ከዚህ ከስልሳ ዓመት ያህል በኋላ ነው።

የሃይማኖት ለውጥና ስደት

ዐፄ ሱስንዮስ (1607–1632) በ1622 የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀበሉ። በ1625 ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ከፖርቱጋል መጡ። አባ ጎርጎርዮስ ካቶሊክ ከሆኑትና ለፓትርያርኩ ቅርብ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ።

አዲሱ ሥርዓት ብዙ አመፅና ደም መፋሰስ አስከተለ። በ1632 ንጉሡ ሕዝቡ ወደ ቀደመው የተዋሕዶ እምነቱ እንዲመለስ ዐወጁ፤ በዚያው ዓመትም ዐረፉ። ተከታያቸው ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ካቶሊክ ሆነው የቀሩት ኢትዮጵያውያን አገር ውስጥ መኖር አስቸጋሪ ሆነባቸው። አባ ጎርጎርዮስም ተሰደው ከጊዜ በኋላ ሮማ ገቡ። በዚያም በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በሚገኘውና ከ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ በሆነው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀመጡ።

ከሉዶልፍ ጋር መገናኘት

ኢዮብ ሉዶልፍ (1624–1704) በኤርፉርት ከተማ የተወለደ ጀርመናዊ ነው። በወጣትነቱ ግዕዝን ከመጻሕፍት ተምሯል፤ ነገር ግን ቋንቋውን ከሚያውቅ ኢትዮጵያዊ የመስማት ዕድል አልነበረውም። በ1649 የስዊድንን መንግሥት የሚመለከቱ ሰነዶችን እንዲፈልግ ወደ ሮማ ተላከ። እዚያ ሳለ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ጎርጎርዮስንና ጓደኞቻቸውን አገኘ።

በመጀመሪያ ሁለቱን የሚያግባባ የንግግር ቋንቋ አልነበረም። አንቶንዮ ዳንድራዴ የተባለ፣ አባቱ ፖርቱጋላዊ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነ ሰው በአስተርጓሚነት ረዳቸው። ከጊዜ በኋላ በግዕዝ መግባባት ጀመሩ፤ ከተለያዩም በኋላ በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር።

የሠላሳው ዓመት ጦርነት የተባለው የአውሮፓ ጦርነት ካበቃ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ጦርነቱን ካቀጣጠሉት ምክንያቶች አንዱ የካቶሊኮችና የፕሮቴስታንቶች ጠብ ነው። ካቶሊኩ አባ ጎርጎርዮስና የሉተር ተከታዩ ሉዶልፍ ግን እስከ አባ ጎርጎርዮስ ሞት ድረስ በወዳጅነት ቆዩ።

በጀርመን አገር

በ1652 የሳክስ ጎታ መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ አገሩ ጋበዘ። መስፍኑ የኢትዮጵያን ሃይማኖት፣ አስተዳደርና ልማድ ለማወቅ ይፈልግ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ለጥያቄዎቹ መልስ ሰጡ፤ ከሉዶልፍ ጋርም የቋንቋውን ትምህርት ቀጠሉ። በዚያው ዓመት ወደ ኢጣልያ ተመለሱ።

የትምህርቱ ጥቅም

ግዕዝ በአውሮፓ መታተም የጀመረው ከዚያ በፊት ነው። መዝሙረ ዳዊት በ1513፣ ሐዲስ ኪዳን ደግሞ በ1548 እና 1549 ሮማ ላይ በግዕዝ ታትመው ነበር። ሆኖም ፊደሉን መለየት ብቻውን ቋንቋውን አያሳውቅም። ፊደሉ መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። የጠ፣ የጰ፣ የቀ ድምፅም ቢሆን ከተናጋሪ ካልተሰማ በመጽሐፍ ብቻ አይታወቅም። ሉዶልፍ ይህን ሁሉ የተረዳው በአባ ጎርጎርዮስ አማካይነት ነው።

በዚያን ጊዜ ብዙ አውሮፓውያን ግዕዝን «ከለዳዊ ቋንቋ» ይሉት ነበር። ሉዶልፍ ስሙ ስሕተት መሆኑን፣ ግዕዝ ከዐረብኛና ከዕብራይስጥ ጋር የሚዛመድ ራሱን የቻለ ቋንቋ መሆኑን፣ አማርኛም ከግዕዝ የተለየ መሆኑን አስረዳ። ከዚህ ትምህርት በመነሣት ካሳተማቸው መጻሕፍት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

- የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት (1661)
- የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በላቲን «ሂስቶሪያ ኤቲዮፒካ» (1681) እና ማብራሪያው (1691)
- የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት (1698)
- መዝሙረ ዳዊት በግዕዝና በላቲን (1701)

በአማርኛው ሰዋስው ውስጥ አባ ጎርጎርዮስ የተረጎሙት ከሉቃስ ወንጌል 11ኛ ምዕራፍ የተወሰደ ክፍል ይገኛል። ይህ ክፍል የአቡነ ዘበሰማያትን ጸሎት የያዘ ሲሆን፣ ከታተሙ የመጽሐፍ ቅዱስ የአማርኛ ትርጉሞች መካከል ከቀደምቶቹ ይቆጠራል። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ የታተመው በ1840 ነው። የሰዋስውና የመዝገበ ቃላቱ አማርኛ በዋናነት ከአንድ የቤተ አማራ ተወላጅ አንደበት የተገኘ በመሆኑ፣ ሁለቱ መጻሕፍት ለ17ኛው ምዕተ ዓመት አማርኛ ጥናት ጠቃሚ ምንጭ ናቸው።

ዕረፍት

አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ከኢጣልያ በባሕር ተነሡ። መርከባቸው በዛሬዋ ቱርክ በምትገኘው በአሌክሳንድሬታ (እስክንድሩን) አቅራቢያ በመስጠሙ ሕይወታቸው አለፈ። ከላይ ከተዘረዘሩት መጻሕፍት አንዱም ሲታተም አላዩም።

በ1663 መስፍን ኤርንስት ቫንስሌብ የተባለውን የሉዶልፍን ተማሪ ወደ ኢትዮጵያ ላከው። ቫንስሌብ ከግብፅ ሳያልፍ ቀረ፤ በኋላም ካቶሊክ ሆኖ የዶሚኒካን ማኅበር ገባ።

መታሰቢያ

በመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ በደራሲነት የተጻፈው የሉዶልፍ ስም ነው። ሉዶልፍ ግን የመምህሩን ውለታ አልሸሸገም፤ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስማቸውን ደጋግሞ በመጥራት ምስክርነታቸውን ይጠቅሳል። በ1691 የተቀረጸው የአባ ጎርጎርዮስ ምስልም እስከ ዛሬ አለ። ስለ ሕይወታቸው የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ሉዶልፍ ከጻፈውና እርሳቸው ከላኩለት ደብዳቤዎች ነው።