የጥብቅና ድርጅት

የጥብቅና ድርጅት ጠበቆች በጋራ የሕግ አገልግሎት ለመስጠት የሚያቋቁሙት ማኅበር ነው። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 199/1992 ሲሠራበት የፌዴራል ጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለግለሰብ ነበር። ጠበቆች ቢሮና ወጪ ቢጋሩም ሥራው የየግላቸው ነበር። ጠበቃው ሲሞት ውክልናው ስለሚቋረጥ ደንበኛው ሌላ ጠበቃ ይፈልጋል፤ በዓመታት የተገነባው ቢሮም ይዘጋል።

አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር ሆነው እንዲደራጁ ፈቀደ። ድርጅቱ የራሱ የሕግ ሰውነት ስላለው አንድ ሸሪክ ቢወጣም ሥራው ሊቀጥል ይችላል።

የረጅም ጊዜ ዕቅድ

ሕጋዊ ቅርጹ ብቻውን ድርጅቱን አያዘልቅም። ዕቅዱ በተለይ የሚከተሉትን ይመለከታል፦

* ሽርክና፦ የትርፍ ክፍፍል፣ የአዲስ ሸሪክ አቀባበልና የነባሩ አወጣጥ አለመግባባት ሳይነሳ በጽሑፍ ይወሰናሉ።
* መተካካት፦ ወጣት ጠበቆች ከነባሮቹ ጋር መዝገብ ይይዛሉ፤ ደንበኞችንም ቀድመው ይተዋወቃሉ።
* ገንዘብ፦ ክርክር ዓመታት ሊወስድ፣ ቀሪው ክፍያም እስከ ፍርድ ሊቆይ ስለሚችል ለደመወዝና ለቢሮ ኪራይ መጠባበቂያ ይያዛል። ገቢው በአንድ ትልቅ ደንበኛ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠልም ጥንቃቄ ይደረጋል።
* መዛግብት፦ የደንበኞችና የተከራካሪዎች ስም በአንድ ቦታ ይመዘገባል። አለበለዚያ አንዱ ሸሪክ የሌላውን ደንበኛ የሚከስ ጉዳይ ሳያውቅ ሊቀበል ይችላል፤ ይህም የጥቅም ግጭት ነው።