የትክል ድንጋዮች መርማሪ አባ አዛይስ

በቅኔ ቤት ሳለሁ፥ በሶዶ የቆሙት ጎራዴ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች የግራኝ ናቸው ሲባል ሰማሁ፤ መምህር ከሆንሁም በኋላ ያንኑ ሳልመረምር አስተማርሁ። በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሐፍ ስለ ደብራችን አመሠራረት ሌሎች ስለሚጽፉ፥ እኔ ስሕተቴን እንዳርም መንገድ የከፈተልኝን የአንድ የውጭ አገር ሰው ሥራ ልተርክ ወደድሁ።

አባ አዛይስ ፈረንሳዊ የካፑቺን መነኵሴ ነበረ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ፥ ከባልንጀራው ከሮዤ ሻምባር ጋር ከሐረርጌ ተነሥቶ በኛው በአርሲ፥ በጉራጌና በሲዳሞ እየተዘዋወረ የጥንት ሐውልቶችን መረመረ። ድንጋዩን አይቶ አላለፈም፤ ለካው፥ ሣለው፥ በፎቶግራፍም አነሣው። የአምስት ዓመት ድካሙ በ1931 በፓሪስ በሁለት ጥራዝ ታተመ፤ አንዱ ጽሑፍ፥ ሁለተኛው ሥዕል ነው። እኔ ሁለተኛውን አስበልጣለሁ፤ የጸሓፊ አሳብ ያረጃልና፥ ሥዕሉ ግን ድንጋዩ በዚያን ዘመን የነበረበትን መልክ ይመሰክራል።

ዳሩ ግን አባ አዛይስ የሐውልቶቹን ዘመን በርግጥ ሊወስን አልቻለም፤ ከመሬት የወጣውን ከሰልና ዐፅም ዕድሜውን የሚለካው ጥበብ የተገኘው ከ1940ዎቹ ማለቂያ ወዲህ ነውና። ይህን የፈጸሙት ተከታዮቹ ናቸው። ፍራንሲስ አንፍሬ ሐውልት ያለባቸውን ከመቶ የሚበልጡ ሥፍራዎች መዘገበ፤ ሮዤ ዡሶም ደግሞ ጢያ ላይ ቆፍሮ ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር አገኘ። ዘመኑም ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ሆኖ ተገኘ። ግራኝ በወይና ደጋ የወደቀው በእኛ አቆጣጠር በ1535 ዓ.ም. ነው፤ እንግዲህ ድንጋዮቹ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድሙታል። በጢያ ካሉት 36 ሐውልቶች 32ቱ ጎራዴ፥ ክብና ሌላም ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው፤ በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ።

በአገሬው ሰው ግን አልፈርድም፤ በሰይፍ የተጨነቀ ትውልድ በድንጋይ ላይ ጎራዴ ቢያይ ለዚያው ለሚያውቀው ባለ ሰይፍ መስጠቱ አያስደንቅም። እኔ ግን መጻሕፍት እያሉልኝ ነው የተሳሳትሁት። ያን ከአፌ የሰሙት ደቀ መዛሙርት ዛሬ በየአጥቢያው መምህራን ሆነዋል፤ ይህችም ጽሑፍ እጃቸው ትገባ ዘንድ እለምናለሁ።